ልጁ ተከተበ፣ አንቺስ?

(ጅማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለዱ እናቶች፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚያመልጥ ሽንትና ስለ ዳሌ ጡንቻ በቃል የተናገርኩት ነው። ሲጻፍ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ሳቁን ግን ወረቀት ላይ ማምጣት አልቻልኩም።)

እንደምን አደራችሁ። እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ሙስሊም እህቶቼ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገላችሁ። ጅማ ላይ ሁለቱንም ሳይሉ አራስ ፊት መቆም አይቻልም።

ሕፃናቱ ቢያለቅሱ ግድ የለም። ማጥባት የፈለገች ታጥባ። ሽንት ቤቱ በግራ በኩል ካለው በር ወጣ ብሎ ነው። በንግግሬ መሃል ማንም ተነስታ ብትወጣ አልቀየምም። እንዲያውም የመጣሁት ስለዚያ በር ላወራችሁ ነው።

አዋላጅ ነኝ። ስንት ልጅ እንደተቀበልኩ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። የራሴን የመጀመሪያ ልጅ የወለድኩ ጊዜ ግን እንደማንኛዋም ጀማሪ ነበርኩ። ሁለት ወር ሞልቶኝ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጉዳይ ነበረኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ ባጃጅ አየሁና ሮጥኩ። ሦስት እርምጃ እንኳን አልሮጥኩም፣ የሆነ ሙቅ ነገር በእግሬ ወረደ። ባጃጁ ውስጥ ስቀመጥ ደግሞ ኮብልስቶኑ ያነጥረን ጀመር። በነጠርን ቁጥር ትንሽ ይጨመራል። ነጠላዬን አጥፌ ከሥሬ አደረግኩ። ስወርድ ሹፌሩ ወንበሩን አየው። "ዝናቡ ነው" አልኩት። ጅማ ላይ ይሄ ሰበብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይሠራል።

ከዚያ ለአንዲት ባለሙያ ነገርኳት። የት እንደሆነ ይቅር። ሳቅ አለችና "አንቺ ደግሞ! የወለደች ሁሉ ያለባት አይደል እንዴ? ይለቅሻል" አለችኝ። በጣም ተናደድኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ያችኑ ነገር እኔም ስንቷን እናት ብያታለሁ። ቃል በቃል። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

"የወለደች ሁሉ" የሚለው ግማሹ እውነት ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲሰበሰቡ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ከሦስት እናቶች አንዷ ገደማ ሽንት ያመልጣታል። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ነኝ ብላ የተቀመጠች ካለች፣ ግራና ቀኟን ትይ። ግማሹ ግን ስህተት ነው። ብዙ ሰው ላይ ስላለ ብቻ ዝም ይባላል እንዴ? ወባም እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ይይዛል። "ይለቅሃል" ብሎ ወደ ቤት የሚልክ ግን የለም።

እስቲ ነገሩ የት እንዳለ ላሳያችሁ። አያቶቻችሁ ቤት የጠፍር አልጋ ያያችሁ አላችሁ? ዙሪያው እንጨት ነው። መሃሉ በቆዳ ጠፍር የተወጠረ ነው። የሰውን ክብደት የሚሸከመው ጠፍሩ ነው እንጂ እንጨቱ ብቻውን አይደለም። ዳሌያችንም እንደዚያ ነው። አጥንቱ እንጨቱ ነው። ከፊት ከብልት በላይ በእጃችሁ ከሚነካው አጥንት ተነስቶ፣ ከኋላ እስከ ጭራችን አጥንት ድረስ የተወጠረ ሥጋ አለ። በትምህርቱ የዳሌ ወለል ጡንቻ ይባላል። እኔ ጠፍሩ እለዋለሁ። ከላዩ የሽንት ፊኛ፣ ማህፀንና የአንጀት መጨረሻ ተቀምጠዋል። በውስጡ ደግሞ ሦስት መውጫዎች ያልፋሉ፤ የሽንት ቧንቧ፣ የልጅ መውጫና ፊንጢጣ። ይሄ ሥጋ መሸከምም አለበት፣ መዝጋትም አለበት፣ ሲያስፈልግ መልቀቅም አለበት። ሦስት ሥራ፣ አንድ ደሞዝ።

አሁን የሕፃን ጭንቅላት በዚያ ሲያልፍ አስቡት። በኮምፒውተር ተሠልቶ እንደታየው፣ የጡንቻው ውስጠኛው ክፍል በወሊድ ጊዜ ከመደበኛ ርዝመቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። የእጃችሁ ወይም የእግራችሁ ጡንቻ እንደዚያ ቢሳብ ይበጠሳል። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ችሎት ይመለሳል። ግን ወዲያው አይመለስም። አንዳንዴም ከአጥንቱ ጠርዝ ይላቀቃል። ጡንቻውን የሚያዝዘው ነርቭም አብሮ ይጎዳል። መንገዱን የሚከፍተው የበኩር ልጅ ስለሆነ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየውም ያኔ ነው። ምጡ ከረዘመ፣ መግፋቱ ብዙ ሰዓት ከፈጀ፣ ልጁ ከ4 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ወይም በመሣሪያ ተስቦ ከወጣ ደግሞ ይብሳል።

ጉዳቱን በአንድ ነገር ብቻ አታውቁትም። አንዷ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ጀሪካን ስታነሳ ሽንት ያመልጣታል። ሌላዋ ሽንቷ እንደመጣ ቁልፉን ከበሩ እስክታወጣ አይጠብቃትም። አንዷ ፈሷን መያዝ ያቅታታል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሌላ ስም የለውም። አንዷ ደግሞ ማታ ላይ፣ ብዙ ቆማ ስትውል፣ ከታች የሆነ ነገር ሊወጣ የመሰለ ክብደት ይሰማታል። "ኳስ የተቀመጠብኝ ይመስለኛል" ያለችኝ እናት አለች። ያ ማህፀን ወይም ፊኛ ዝቅ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ከባሏ ጋር መገናኘት የሚያማትም አለች። ስለዚህኛው ማንም አያወራም፣ እኔ በኋላ እመለስበታለሁ።

"እኔ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ ይሄ አይመለከተኝም" የምትል አለች? ትንሽ ይቀንስልሻል። አያጠፋውም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከላይ የተጫነው ያው ሸክም ነው።

ስለ ስፌት ጥቂት ልበል። መቀደድ ደረጃ አለው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ጡንቻ የሚነካ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ ድረስ ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር መዝገብ ይህ ከባዱ መቀደድ ለመጀመሪያ ጊዜ በምጥ ከሚወልዱ 100 ሴቶች 6 ያህሉ ላይ ይደርሳል፤ ቀድሞ የወለዱት ላይ ግን ከ2 አይሞሉም። ስለዚህ ከወለዳችሁበት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "የተቀደድኩት እስከምን ድረስ ነው?" በሉ። መልሱን የማወቅ መብት አላችሁ። ሰገራ ወይም አየር ማምለጥ ከጀመረ ያቺ መልስ ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች።

አሁን ቀልዱን ትተን አንድ ነገር እንለይ።

እስካሁን ያወራሁት ሲያስነጥስ፣ ሲሮጡ ወይም ሲቸኩሉ ስለሚያመልጥ ሽንት ነው። ቀንም ሌሊትም፣ ተኝታም ተቀምጣም፣ ሳያቋርጥ የሚፈስባት እናት ካለች ግን ያ ሌላ ነው። ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። ምጡ ቀናት ሲወስድና ልጁ ማለፍ ሲያቅተው ጭንቅላቱ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጨቁነዋል። ደም አይደርሰውም። ሥጋው ይሞትና ከጥቂት ቀን በኋላ ቀዳዳ ይሆናል። ለዚህ የምነግራችሁ እንቅስቃሴ ምንም አይሠራለትም። ሐኪም ነው የሚጠግነው፣ ደግሞም ይጠገናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ሴቶችን በነፃ ያክማል። ለእኛ ለምዕራብ ኢትዮጵያ ሰዎች ደግሞ መቱ ላይ ቅርንጫፍ አለው። እንዲህ ያለች ሴት በሰፈራችሁ ካለች፣ ጓዳ ተደብቃ ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ንገሯት። ርግማን አይደለም፣ ቀዳዳ ነው።

እሺ። ወደ ጠፍሩ እንመለስ። የጠፍር አልጋ ሲላላ ምን ይደረጋል? ይወጠራል።

አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ጡንቻ በማሠራት ሽንት ማምለጥን መቀነስ እንደሚቻል ጻፈ። እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይፈልግም፣ ጎረቤትም አያይም። እስቲ አብረን እንሞክረው። ወንዶችም ሞክሩ፣ እናንተም አላችሁ።

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አሁን አማታችሁ ፊት ቁጭ ብላችሁ ፈስ ሊያመልጣችሁ ነው እንበል። ያዙት። አዎ፣ እሱ ነው! ከኋላ ወደ ፊት፣ ሽንትም አብራችሁ እንደምትይዙ አድርጋችሁ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡት። ኧረ ቂጣችሁን አታንሱ! ከወንበሩ ከፍ ካላችሁ የሠራው ቂጣችሁ ነው። ጭናችሁን አታጣብቁ። ትንፋሻችሁን አትያዙ፣ አውሩ እንዲያውም። ፊታችሁም አይኮሳተር። ከውጭ የሚታይ ነገር ካለ ተሳስታችኋል።

ያዙት... ልቀቁት። መልቀቁንም በደንብ አድርጉት። የያዛችሁትን ያህል ጊዜ አርፉ።

መጀመሪያ 3 ወይም 4 ሰከንድ ብትይዙ ይበቃል። ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ታደርሱታላችሁ። በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10፣ በቀን 3 ጊዜ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ፈጠን ፈጠን ያሉ ጨምሩ፣ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ይህን ቢያንስ ለ3 ወር። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ሁለት ሳምንት ሠርታ "አልሠራልኝም" የምትል ብዙ ናት። እኔ ራሴ ለውጥ ያየሁት በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ ነው። መርሳት ለምታስቸግራችሁ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት። አቦሉ ጠዋት፣ ቶናው ቀን፣ በረካው ማታ። ወይም ልጁ ጡት በያዘ ቁጥር። ልጁ አይረሳም።

ሽንት እየሸናችሁ መሃል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ አታድርጉት። አንድ ጊዜ ጡንቻው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ፊኛው በደንብ እንዳይጸዳ ያደርጋል።

አንዲት ዘዴ ደግሞ አለች፣ በጣም የምወዳት። ከማስነጠሳችሁ፣ ከመሳላችሁ ወይም ልጁን ከማንሳታችሁ በፊት ቀድማችሁ ያዙ። በሩን ሰው ሳይገፋው ቀድሞ እንደ መቀርቀር ነው። ባጃጅ ስትወጡም እንዲሁ።

በምጥ ለወለደችው መቼ ይጀመራል? ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ከሌላትና ካላመማት በጥቂት ቀናት ውስጥ በቀስታ መጀመር ትችላለች። ስፌት ካለም ለስላሳው እንቅስቃሴ ደሙ እንዲዘዋወር ይረዳል። እዚህ ነፍሰ ጡር ሆና የመጣች ካለች ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሪ። በእርግዝና የጀመሩ ሴቶች በኋላ የሚያመልጣቸው ቁጥር ያነሰ ነው።

ከፊት ተቀምጠው ያሉት እናት እጅ አውጥተዋል። አቤት እማማ? "እኛ ሆዳችንን በመቀነት ጥፍር አድርገን አስረን ነው የዳንነው" ነው የሚሉት? እማማ፣ መቀነቱን አልነቅፍም። ወገብ ይደግፋል፣ አራስም ደስ ይላታል። ግን ጥፍር አድርገው ሲያስሩት ሆድ ውስጥ ያለው ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ነው። የላላው ጠፍር ላይ ይጫናል። ስለዚህ እርስዎ ሲያስሯት እጅዎ በመሃል የሚያልፍ ይሁን። እሺ? እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ሆድ ድርቀት ካላወራሁ ግን ሥራዬ ግማሽ ነው። በየቀኑ እያማጠች ሰገራ የምትወጣ እናት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወለደች ነው ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ለሸነን፣ ለኦሮሞው የአራስ ሥርዓት፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ማርቃውን፣ ገንፎውን ማለቴ ነው፣ ከነቅቤው ያቀርባሉ። ብሉ፣ ይገባችኋል። ግን ከእሱ ጋር ጎመን ይኑር፣ ተልባ ይኑር፣ አብሽ ይኑር። ፓፓያና አቮካዶ እንደሆነ ጅማ ላይ ሞልቷል። ውኃ ጠጡ። ሽንት እንዳያመልጠኝ ብላ ውኃ ያቆመች እናት ሁለት ጊዜ ተጎዳች። ሰገራዋ ይደርቃል፣ ሽንቷም ወፍሮ ፊኛዋን ይቆጣዋል። ጫት የምትቅም ካለች ደግሞ፣ አልሰድብሽም፣ ግን አንጀት ያደርቃል። ወደ ጡትሽ ወተትም ያልፋል።

ቡናስ? ይሄን ጅማ ላይ ቆሜ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ሽንታችሁ ድንገት እየመጣ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ቡና ያባብሰዋል። ተዉት አላልኩም፣ ድንጋይ እንዳትወረውሩብኝ። አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ተዉት፣ ለሁለት ሳምንት ሞክሩት።

የሚያስቀምጥ ሽንት ቤት ላላችሁ ደግሞ የጅማ በርጩማ አለልን። ዝቅ ያለችዋን፣ ባለሦስት እግሯን፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለችዋን። እግራችሁን እላይዋ ላይ አድርጉ። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ይቃናል፣ ማማጥ ይቀንሳል። ውጭ አገር ለዚህ ብለው የፕላስቲክ መርገጫ ይሸጣሉ። እኛ መርካቶ ሄደን ከእንጨት እንገዛለን።

ወደ አልጋው ልምጣ። ወንዶቹ አትውጡ። ስድስት ሳምንት ሞላ ማለት ሁሉ ነገር ድኗል ማለት አይደለም። የምታጠባ ሴት ገላዋ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ብልቷ ይደርቃል። ፍላጎት ስለሌላት ወይም ስላልወደደችህ አይደለም። ስፌቱም ጠባሳ አለው። ካመማት መቆም ነው። ወራት እየቆጠረ የሚያማት ከሆነ መታየት አለባት። "ቻይው" የሚባል ሕክምና የለም። ጡንቻው የላላ ብቻ ሳይሆን ከፍርሃት የተነሳ ተጨማዶ የቀረባትም አለች። እሷ መልቀቅን ነው መለማመድ ያለባት፣ እንደ ሌሎቹ በመያዝ ብቻ አትድንም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካለበት ሆስፒታል ሄዳ እንድትታይ የምመክራት ለዚህ ነው።

ለሙስሊም እህቶቼ አንድ ነገር። አርባው ካለፈ በኋላም "ውዱዬ አይያዝልኝም" ብለው ሶላት የሚያቋርጡ አሉ። ሼሁን ጠይቁ፤ እንዲህ ላለባት ሴት ሃይማኖቱ መንገድ አለው። ክርስቲያኖቹም ጠረኔ ይሸታል ብላችሁ ከቤተ ክርስቲያን የቀራችሁ ካላችሁ፣ ሞዴስ አድርጋችሁ ሂዱ።

ሳትውሉ ሳታድሩ የምትሄዱባቸውን ልቁጠር። ከወለዳችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ። ትኩሳት ካለ፣ ስፌቱ ከተከፈተ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ። ሰገራ ሳታውቁት ከወጣ። ሽንት ሳያቋርጥ ከፈሰሰ። ከታች በእጅ የሚነካ ነገር ከወጣ። ለሌላው ችግር ደግሞ እንቅስቃሴውን 3 ወር በትክክል ሠርታችሁ ለውጥ ካጣችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ርዕሴ። ከወሊድ በኋላ ለእናትየው ክትትል አለ። በ24 ሰዓት፣ በ2ኛው ወይም 3ኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያ 6ኛው ሳምንት ላይ። በወረቀት ላይ ደህና ነው። በተግባር ግን የምትመጡት ለ45 ቀኑ ክትባት ነው። ልጁ ይመዘናል። ልጁ ይወጋል። ልጁ ያለቅሳል። ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። እናቱ ታዝለውና ትሄዳለች። በር ላይ ቆማ ሽንቷ እያመለጣት ትሄዳለች፣ የጠየቃት የለም። እኔም በነጭ ጋዋን ሆኜ ስንት ጊዜ ሳልጠይቅ አሳልፌያለሁ።

ስለዚህ እኛ እስክንለምድ ድረስ እናንተ ጀምሩ። ክትባቱ እንዳለቀ አትነሱ። "የእኔስ?" በሉ። የሕክምና ቃል አትፈልጉ። "ሽንት ያመልጠኛል" ማለት ይበቃል። "የሆነ ነገር ከታች ይከብደኛል" ማለት ይበቃል። ባለሙያዋ "የወለደች ሁሉ" ካለቻችሁ፣ "አውቃለሁ፣ ምን ላድርግ?" በሏት። ወንድ ባለሙያ ካፈራችሁ ሴት አዋላጅ ጠይቁ።

ጥያቄ? እዚያ ኋላ ያለው ወጣት። አዎ አንተ፣ ሕፃኑን የያዝከው።

"ጀሪካኑ ላይ ልጠይቅሽ። እሷ አታንሳ ማለት ነው?"

20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፣ ፕላስቲኩን ሳንጨምር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከልጇ የከበደ ባታነሳ ጥሩ ነው።

"ከስድስት ሳምንት በኋላስ?"

እሷን ጠይቃት። አጠገብህ ናት።

ጠየቃት። የነገረችው ለእኛ አልተሰማም፣ እሱ ግን "አመት?" ብሎ ጮኸ።